የልጅ ልጃቸውን ያልታቀፉት አያት

መስከረም ሃያ፣ ክረምቱ እየተሰናበተ ሳለ፣ ሌሊቱን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ጠዋት ቆላ ደረሰና ከገንዳ ውሃ ከተማ ወደ እርሻዎቹ የሚወስደውን መንገድ የሚያቋርጠው ወንዝ ሞላ። በበጋ ፍየል ሰኮናዋን ሳታረጥብ የምትሻገረው ወንዝ ነው፤ ሲሞላ ግን ትራክተርም አይደፍረው። የጀምበሩ አይሱዙ አፋፉ ላይ ሲደርስ ውሃው ቀልቶ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ጀምበሩ ሞተሩን አጠፋና ከጋቢናው ወርዶ ወገቡን ይዞ ጥቂት ቆመ።

«ኸላስ፣ አበቃ!» አለ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚሁ ነን። ዋና የምትችሉ ቅደሙ፤ እኔን ሚስቴ አልፈቀደችልኝም።»

ሰው እየሳቀ ወረደ። አብዛኛው ለሰሊጥ አጨዳ የሚሄድ የቀን ሠራተኛ ነው። አያ ባዘዘው ከሁሉም ኋላ ወረዱና ከሰዎቹ ርቀው አንዲት የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሲቀመጡም ነፋሱ ከሰዎቹ ወደ እርሳቸው እንዲመጣ አድርገው ነው፤ ከእርሳቸው ወደ ሰው አንዳች ነገር በኖ እንዳይሄድ።

አያ ባዘዘው ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ከዳባት ወርደው ይህን ዋልካ መሬት ካቀኑት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ እርሳቸውም እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ሰሊጥና ማሽላ እየዘሩ ልጆች አሳድገዋል። በጨዋታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ግን እርሻው ላይ ካለችው ጎጆ አይወጡም። ከተማ ወዳለው ቤታቸው ቢመጡም ለአንድ ቀን ነው፤ ከማዕድ አይቀርቡም፣ እጅ አይጨብጡም። በዚህ ሰው ሸሚዙን አውልቆ በሚሄድበት ሙቀት እርሳቸው ረጅም እጅጌያቸውን እስከ አንጓቸው ቆልፈው፣ ሻሻቸውን እስከ ጆሯቸው ጠምጥመው ነው የሚታዩት።

ሽታዬ የምትባል ነጋዴ ሰሃኗን ከፈተችና የቋንጣ ፍርፍሯን መሐል አቀረበች።

«አያ ባዘዘው! ይምጡ እንጂ፣ ምን ብቻዎን ያስቀምጥዎታል?»

«ጾመኛ ነኝ፣ ብሉ።»

«ማክሰኞ ምን ጾም ነው?»

«ጽጌን ይዤ ነው።»

«ጽጌ ሊገባ ስድስት ቀን ይቀረው የለም እንዴ!»

«ቀድሜ ጀምሬ ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ» አለ ጀምበሩ አፉን ሞልቶ፣ «ለፋሲካም ከአሁኑ ይግደፉልን።»

ሁሉም ሳቀ። አያ ባዘዘውም ፈገግ አሉ፤ ርቧቸው ነበር።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል እስከዳር የምትባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበረች። ጎንደር ተምራ፣ ከተማው ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነርስ ሆና ከተመደበች ዓመት አልሞላትም፤ አሁን አጨዳው ሳይጀመር የሠራተኞቹን ጤና ለማየት ወደ አንድ ጤና ኬላ እየሄደች ነው። ዝምተኛ ናት፤ መኪናው ላይ ሦስት ሰዓት ሲጓዙ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ከሽታዬ ሰሃን በአንድ እንጀራ ላይ ጥቂት አስጠቀለለችና ወደ ቁርቁራዋ መጣች።

«አያ፣ ጥላው ላይ ቦታ አለ?»

«ሁሉም ያንቺ ይሁን ልጄ። እኔ ፀሐዩን ለምጄዋለሁ» አሉና ሊነሡ ከዘራቸውን ያዙ።

«ሸሹኝ እንዴ?»

«ከሽታዬ ዘንድ ብትቀመጪ ይሻልሻል። ጨዋታ ያለው ከእሷ ዘንድ ነው።»

«ጨዋታ ፈልጌ አልመጣሁም» አለች እስከዳር፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «ቆዳዎን ማየት ፈልጌ ነው።»

ዓይን አፋር ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ነገር ማለዛዘብ ስለማይሆንለት ቀጥ ብሎ ይናገርና ራሱ ይደነግጣል። አያ ባዘዘው ግን ከእሷ ይበልጥ ደነገጡ። ዞር ብለው ሰዎቹን አዩ።

«ቀስ በይ! ማን ነው የነገረሽ?»

«ጥፍርዎ። በመርፌ እንደተወጋጋ ነጠብጣብ አለው። ሻሽዎን ሲያስተካክሉም ከጆሮዎ ኋላ አየሁት። እኔ የምሠራው ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ነው፤ በቀን እንዲህ ያለ ብዙ አያለሁ።»

«እንዲህ ያለ ብዙ?» አያ ባዘዘው ከዘራቸውን መልሰው አስቀመጡ። ውሃው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጎድልም፤ ይህች ልጅ ደግሞ ነገ ሌላ አገር ናት። በየቀኑ ለማያዩት ሰው መናገር ይቀላል። ጎንበስ አሉና ለሚስታቸው እንኳ ያልተናገሩትን ቃል በሹክሹክታ አወጡት።

«ቁምጥና ነው አይደል?»

እስከዳር ከአጠገቧ አንዲት ሰርዶ ቀጠፈች።

«እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ። የነካሁዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ።»

ክርናቸው ላይ ቆዳው ጠየም ብሎ አብጧል፤ በላዩ አመድ የመሰለ ቅርፊት ተደራርቦበታል። በሰርዶዋ ጫፍ ነካችው።

«እዚህ» አሉ።

«አሁንስ?»

«ዝቅ ብሎ። ኧረ ያሳክካል!»

«አሁን?»

«አሁንማ አልነካሽኝም።»

«አዎ፣ አልነካሁዎትም» አለችና ሰርዶዋን ጣለች። «ይክፈቱ። ሥጋ ደዌ የያዘው ቆዳ ይደነዝዛል አያ፤ ሰርዶ ቀርቶ እሳት ቢነካው የማይሰማበት ጊዜ አለ። የእርስዎ ግን ሁሉን ይሰማል። ይህ ብቻውን አይበቃም፣ ሆስፒታል በደንብ ይታያል። እንዲያው እሱም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፣ የሚያሸሽ ነገር የለውም። እኔ የማየው ግን ሶሪያሲስ የሚባለውን ነው።»

«ሶሪ... ምን?»

«ሶሪያሲስ።»

«ስሙ ራሱ ያሳክካል» አሉ አያ ባዘዘው። ለመጀመሪያ ጊዜ የድሮው ድምፃቸው መጣ። «ከየት መጣብኝ? የማንን እርግማን ነው የተሸከምሁ?»

«የማንም እርግማን አይደለም። የሰው ቆዳ ሁልጊዜ አሮጌውን እየጣለ በአዲስ ይተካል፤ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። የእርስዎ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል። አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደርስና ይደራረባል። ይህን የሚያደርገው ከበሽታ የሚጠብቀን የገዛ ሰውነታችን ነው። ተሳስቶ ቆዳውን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። አንድ የእርሻ ዘበኛ ባለቤቱን ሌባ ነው ብሎ ቢደበድበው ማለት ነው።»

«እንዲህ ያለ ዘበኛስ ነበረኝ። ጎህ ሲቀድ ማሽላዬን ለማየት ብመጣ ‹ቁም!› ብሎ በደረቴ አስተኛኝ። ‹ባዘዘው ነኝ› ስለው ‹ሁሉም እንዲህ ነው የሚል› አለኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሽታዬ ከሩቅ ዞር ብላ አየቻቸው።

«ታዲያ ምን እያደረጉለት ቆዩ?» አለች እስከዳር።

አያ ባዘዘው በራስ መተማመን መለሱ፤ በዚህስ የሚታሙ አልመሰላቸውም። «ይኸው ሰባት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ገላዬን በፈላ ውሃ እታጠባለሁ። ከዚያ ቅርፊቱን በጆንያ ቁራጭ እፍቀዋለሁ፤ ደም እስኪያዥ ድረስ። ከዚያ ከትራክተሩ የወጣውን የተቃጠለ ዘይት እቀባዋለሁ። በሬዬን እከክ ይዞት በዚሁ ነው ያዳንሁት።»

እስከዳር ዓይኗን ጨፈነች።

«ምነው?»

«በሬው ድኖ ይሆናል፣ የበሬው በሽታ ሌላ ነው። እርስዎን ግን ይህ ነው የሚያብስብዎት። ሶሪያሲስ ቁስል ይወዳል አያ። ቆዳው በተፋቀበት፣ በተቧጨረበት፣ በተቃጠለበት ቦታ ላይ አዲስ ያወጣል።»

«ይህንስ አላምንሽም። ንጹሕ አድርጌ የፋቅሁት ቦታ ላይ ለምን ይወጣል?»

«አንድ ጊዜ የተቧጨሩበትን ቦታ ያስታውሱ።»

አያ ባዘዘው ሊከራከሩ ጀምረው ቆም አሉ። አምና ጭነት ሲያሥሩ ገመድ አምልጦ ክንዳቸውን ከላይ እስከ ታች ልጦት ነበር። ቁስሉ ሽሮ ሳለ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ በዚያው በገመዱ መሥመር ላይ ቅርፊቱ ቀጥ ብሎ በቀለ። ያን ጊዜ ገመዱን ነበር የረገሙት። እጅጌያቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው አዩት፤ መሥመሩ አሁንም አለ።

«እንግዲህ የፈወስሁት መስሎኝ ስዘራው ነው የኖርሁ» አሉ በዝግታ።

ሰው የገዛ ዕውቀቱ ሲከዳው ይናደዳል፤ አያ ባዘዘውም ተናደዱ። ነገር ግን የሚናደዱባት ልጅ አንገቷን ደፍታ የጫማዋን ጭቃ በእንጨት ትጠርጋለች እንጂ ድል አደረግሁ አትልም፤ ስለዚህ ንዴቱ የሚያርፍበት አጣ።

«ይሁን» አሉ። «ግን የሚያድነው መድኃኒት አለ፣ አውቀዋለሁ። ከሱዳን በኩል የሚመላለስ ዑበይዳ የሚባል ነጋዴ ነበር። ትንሽ ነጭ ክኒን ሰጠኝ። በሳምንቱ ገላዬ የሕፃን ገላ ሆነ! ‹ተማም? ደህና ነህ?› ይለኛል፣ ‹ተማም!› እለዋለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ኖርሁ። በኋላ እዚያ ማዶ ጦርነቱ መጣ፤ ክኒኑ አንዴ ሲገኝ አንዴ ሲጠፋ ቆየ። ዘንድሮ ከሰኔ ወዲህ ጭራሽ የለም፤ ዑበይዳም የት እንደገባ አላውቅም። ይኸው ከዚያ ወዲህ ነው ሰውነቴን የወረረኝ። እናንተ ዘንድ ያ ክኒን ካለ ስጡኝ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ያ ክኒን ፍሙን በአመድ ያዳፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ሐኪም ሳያየው ለዓመታት ተውጦ በድንገት ሲቋረጥ የተዳፈነው ከበፊቱ ብሶ ይነሣል። የወረረዎት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያመጣል። ቀድሞውንም ሐኪም ዘንድ መጥተው ቢሆን ቀስ ብለን እያሳነስን ነበር የምናስቆምዎት። ለመሆኑ በሐምሌ ወባ ይዞዎት ነበር?»

«ወባ ያልያዘው የቆላ ሰው የት አለ?»

«እሱም አንዱ ነው። ከወባ መድኃኒቶች መካከል ሶሪያሲስን የሚቀሰቅስ አለ። አደራ ግን፣ ወባ ሲይዝዎት መድኃኒቱን እምቢ አይበሉ፣ ወባ ይገድላል። ‹ሶሪያሲስ አለብኝ› ብለው ይንገሯቸው፤ የሚስማማዎትን ሐኪሙ ይመርጣል።»

«መልካም። ታዲያ የእናንተ መድኃኒት በስንት ቀን ያድነኛል?»

እስከዳር ቀና አለች። «ጨርሶ አይድንም አያ።»

«ምን?»

«ይተኛል፣ ይከስማል፣ ለረጅም ጊዜም ሊጠፋ ይችላል። ግን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።»

አያ ባዘዘው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠሽ ‹አይድንም› ልትይኝ ነው የመጣሽ? ይህንማ እኔም ሳልማር አውቀዋለሁ!»

«ሰሊጥዎን አንድ ዓመት አርመው ያውቃሉ?»

«ምን ጥያቄ ነው? በየዓመቱ አርማለሁ!»

«አረሙ ግን ጨርሶ አልጠፋም።»

«አይጠፋም። አረም አይደለም እንዴ።»

«ታዲያ አረሙ ስለማይጠፋ ሰሊጥ መዝራት ተዉ?»

አያ ባዘዘው ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ሽታዬ እያመለከቱ፣ «አንቺን ሽታዬ ዘንድ ሂጂ ያልሁሽ ለዚህ ነበር» አሉ።

እንዲህ እየተባባሉ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። እስከዳር እየፈራች የጀመረችው ንግግር አሁን ተፈታላት። ገላቸውን በሞቀ እንጂ በፈላ ውሃ እንዳይታጠቡ፣ ሳይፍቁ በፎጣ መታ መታ አድርገው አድርቀው ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ቫዝሊን እንዲቀቡ ነገረቻቸው። ቅርፊቱ ሲለሰልስ በራሱ ጊዜ ይረግፋል፤ ሐኪም የሚያዝላቸው ቅባትም ያን ጊዜ ነው የሚገባው። የጠዋት ፀሐይ በልኩ እንደሚጠቅማቸው፣ የቀትሩ ግን አቃጥሎ እንደሚያስነሣባቸው አስረዳቻቸው። በአጨዳ ጊዜ እጃቸውን የሰሊጥ አገዳ እንዳይቧጭራቸው ጓንት ያድርጉ አለች።

«አረቄስ?» አሉ በጎን እያዩዋት።

«ይጠጣሉ?»

«እርሻ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ያብሰዋል። ትምባሆም እንዲሁ። ሐሳብም ያብሰዋል።»

«ሐሳብ? ሐሳቡን ያመጣው እኮ እሱው ራሱ ነው።»

«አዎ» አለች። «እሱ ሐሳብ ያመጣል፣ ሐሳቡ መልሶ እሱን ያመጣዋል። ለዚህ ነው ብቻዎን መቀመጥ የሌለብዎት። ጠዋት ሲነሡ ጣትዎን ይይዝዎታል?»

«ሽማግሌ ነኝ ልጄ፣ የማይይዘኝ ነገር የለም።»

«ይህንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ሶሪያሲስ መገጣጠሚያም ይነካል፤ ቀድሞ ከታወቀ ይከላከሉታል።»

ያመጣችው እንጀራ እስካሁን በመካከላቸው እንደተጠቀለለ ነበር። ገለጠችውና ከአንዱ ጥግ ቆረሰች። አያ ባዘዘው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ።

«አንቺ ጨርሺና የተረፈውን እበላለሁ።»

«አይጋባም።»

«ሐኪም ስለሆንሽ ነው። መድኃኒት ወስደሽ ይሆናል።»

«ምንም አልወሰድሁም። በመብላት፣ በመጨበጥ፣ በልብስ፣ በአልጋ አይጋባም። የሚስትዎን ገላ ይዞት ያውቃል? ሰባት ዓመት አብራዎት ስትተኛ?»

«ባለቤቴን አሰበችን? ኧረ እሷ ቆዳዋ እንደ ቅቤ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ልጄ ስርጉት ወልዳለች። ወንድ ልጅ ነው፣ የመጀመሪያዋ። ቅዳሜ ክርስትና ይነሣል። በጉን ትናንት አደረስሁና ‹ሰሊጡ ደርሷል፣ ካልታጨደ ይፈሳል› ብያቸው ዛሬ በጠዋት ወጣሁ። ሰሊጡ ገና ሳምንት ይቆያል። እስካሁን ከበር ላይ ሆኜ ነው ያየሁት፣ አልታቀፍሁትም። በእኛ ልማድ በክርስትናው ቀን አያት ነው ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንትፍ ብሎ የሚመርቀው። በዚህ እጅ እንዴት ልያዘው?»

«በዚሁ እጅ ይያዙት። ታጥበው ብቻ። እንትፍታውን ግን ቢቀንሱት ጥሩ ነው።»

«አየሽ! ይጋባል ማለት ነው!»

«ስለ ሶሪያሲስ አይደለም፣ ስለ ጉንፋን ነው። ገና አርባ ቀን ያልሞላው ልጅ ነው።»

አያ ባዘዘው ሳቁና እጃቸውን ዘረጉ። ቆረሱ። ጽጌያቸውንም በዚህ ገደፉ። ጥቂት ከጎረሱ በኋላ ግን እጃቸው በመንገድ ቀረ።

«በዘርስ?»

እስከዳር ማኘክ አቆመች። እዚህ ላይ ‹የለም› ማለት ቀላል ነበር፤ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር። እሷ ግን የማታውቀውን እንደማትናገር ሁሉ የምታውቀውንም አትደብቅም።

«በዘር የመምጣት ነገር አለው» አለች።

«እንግዲያው ያው ነው» አሉ አያ ባዘዘው። «ገና ሳልነካው ሰጥቼዋለሁ።»

«ላይመጣበት ይችላል፤ አብዛኛው ልጅ አይመጣበትም። ቢመጣም እርስዎ ስለታቀፉት አይመጣም፣ ስለራቁትም አይቀርለትም። አባትዎ ነበረባቸው?»

«አባቴ?» አሉና ወደ ውሃው ዞሩ። ወንዙ ከጠዋቱ ዝግ ብሎ ይሰማል። «አባቴ ክረምት ከበጋ እጅጌውን ሰብስቦ አያውቅም። ወንዝ ሲታጠብም ብቻውን ነበር። እኛ ኩራት ነው እንል ነበር።»

«ምን እንደሆነ ነግረውዎት አያውቁም?»

«አልነገረንም። እኛም አልጠየቅነው።»

«ነግረውዎት ቢሆን» አለች እስከዳር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰባት ዓመት ደብቀው በጆንያ ይፍቁት ነበር?»

አያ ባዘዘው ክንዳቸው ላይ ያለውን መሥመር በጣታቸው ተከተሉ። እስከዳርም ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ለሆስፒታሉ የቆዳ ክፍል ጥቂት መሥመር ጻፈችና ከእንጀራው አጠገብ አኖረችው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውሃው ጎደለ። ከወዲያ ማዶ ቆሞ የነበረ ተሳቢ የጎተተ ትራክተር ቀድሞ ተሻገረና ወደ ገንዳ ውሃ ሊቀጥል አፋፉን ወጣ። ጀምበሩ ጥሩምባ እየነፋ ሰዎቹን ሰበሰበ።

«አያ ባዘዘው፣ ይውጡ እንጂ!»

«አልሄድም። በትራክተሩ ልመለስ ነው።»

«ሰሊጡስ?»

«ሰሊጡ ይጠብቀኛል» አሉ፤ «የልጁ ክርስትና ግን ቅዳሜ ብቻ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ሆስፒታል ቀረቡ። ሐኪሙ ከራስ ቆዳቸው እስከ ውስጥ እግራቸው አየ፣ ደም አስመረመረ፣ የእስከዳርን ግምት አጸና። ሁለት ዓይነት ቅባት ሰጥቶ የትኛው ለየትኛው ቦታ፣ ለስንት ሳምንት እንደሆነ አስረዳቸው፤ በራሳቸው ጊዜ እንዳይጨምሩና እንዳያቋርጡም አስጠነቀቃቸው።

ቅዳሜ ሲደርስ ታዲያ ገላቸው አልጠራም። በሦስት ቀን የሚጠራ አልነበረም። ቤቱ በዘመድ ተሞልቶ፣ ሕፃኑ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ የስርጉት አማት፣ የባሏ እናት፣ ተቀብለው ይዘውት ሳለ፣ አያ ባዘዘው ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እጅጌያቸው ከፍ ሲል ቅርፊቱ ታየ። አማቷ ሕፃኑን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት።

«ምነው አያ ባዘዘው፣ እጅዎን ምን ነካዎት?»

አሰበች ከጓዳ በር ላይ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። አያ ባዘዘው እጃቸውን አላጠፉም።

«ሶሪያሲስ ይባላል» አሉ። ጮክ ብለው ነው፤ ጥግ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። «የቆዳ በሽታ ነው። አይጋባም። ሰባት ዓመት ደበቅሁት። አባቴም ነበረበት፣ እሱም ደበቀው። የሚያውቀው ሰው ስላልነበር እኔ ደሜን ሳፈስስ ኖርሁ። ይህ ልጅ ግን እንደኔ አይሆንም፤ ቢመጣበት ስሙን ያውቀዋል፣ ምን እንደሚደረግም ያውቃል። አሁን ስጡኝ፣ ልመርቀው።»

አማቷ ገና አመነቱ። «ሐኪም ነው ያለው ወይስ እርስዎ?» አሉ።

«ሐኪም። ከፈለጉ ሰኞ አብረን እንሂድና ይጠይቁት።»

«እማማ፣ ለአባቴ ይስጡልኝ» አለች ስርጉት። እንባ ነበራት፣ ድምፅዋ ግን የጸና ነው። «አርባ ቀን ነው የጠበቅሁት።»

ሕፃኑ ተሰጣቸው። አያ ባዘዘው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መረቁት፣ በረጅሙ፣ ያለ እንትፍታ። አሰበች ከበሩ ላይ ሆና፣ «አንተ ሰው፣ ቁምጥና መስሎህ ነው እንዴ ከኔ የሸሸኸው?» ብላ ሳቀችም አለቀሰችም።

ሕይወት ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ አልተቃናም። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በሂላ፣ በቁም ክምር፣ ሲደርቅ የአያ ባዘዘው ክርን ቅርፊቱ ሳስቶ ጥላ ብቻ ቀረ። ኅዳር ላይ ግን ውቂያ በዝቶ ቅባቱን ለሳምንት ረስተው፣ በዚያ ላይ ከሠራተኞቹ ጋር አረቄ ቀምሰው ጀርባቸው ላይ ተነሣባቸው። የድሮው ባዘዘው ጆንያ ያነሡ ነበር፤ የአሁኑ ግን ወደ ሆስፒታል ሄደው ጥፋታቸውን ራሳቸው ተናገሩ። እስከዳር አልተቆጣቻቸውም፤ አረሙ ብቅ አለ እንዴ ብላ ጠየቀቻቸው እንጂ።

ትርፉ ላየው ሰው ግልጽ ነው። ሌሊት እያከኩ ያድሩ የነበሩት ሰው አሁን ይተኛሉ። ጠዋት ይገተር የነበረው ጣታቸው ቀድሞ ስለታየ ዛሬም ማጭድ ይጨብጣል። ወባ ሲይዛቸው መጀመሪያ የሚናገሩት ስለ ቆዳቸው ነው። ብቻቸውን ይቀመጡባት የነበረችው ጎጆ የሠራተኞች ዕቃ ማስቀመጫ ሆናለች፤ ባለቤቷ ከማዕዱ ዙሪያ ናቸውና። ከሠራተኞቹም ሁለቱ እጅጌያቸውን ገልጠው ‹የኔስ እንዲህ ነው ወይ?› ሲሏቸው ለአንደኛው ጭርት፣ ለሌላው እንደ እርሳቸው ሶሪያሲስ መሆኑ ሆስፒታል ታወቀ። እርሳቸው መድኃኒት አላዘዙም፣ ክኒንም አላካፈሉም፤ የቆዳ ክፍሉን በር ብቻ አሳዩአቸው።

ጥር ላይ ስርጉት ልጇን ለክትባት ወሰደች። አያ ባዘዘውም አብረው ሄዱ። ነርሷ ክትባቱን ሰጥታ ካርዱን ልትመልስ ስትል፣ ሽማግሌው በትሕትና ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ አንዲት ነገር ጻፊበት» አሉ። «አያቱ ሶሪያሲስ አለበት በይ። ቅድመ አያቱም ነበረበት። ስሙን አስተካክለሽ ጻፊው፤ አድጎ ሲያነብበው እንዳይቸግረው።»